ክረምቱ ሳይገባ መጥኖ መደቆስ፦ ስለ አንድ ተማሪ የክረምት ሥራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም

ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ
ጎንደር

ለምዕራብ ጎንደር ዞን ትምህርት መምሪያ
ገንዳ ውኃ

ጉዳዩ፦ በመጪው ክረምት አንድ ተማሪ ተከፍሎት ለሽንፋና ለአካባቢዋ ሕፃናት የሚያገለግል የኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ሥራ እንዲሠራ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሌጁና የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ሽንፋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በሶፍትዌር ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። በመጪው ክረምት ከኮሌጁ አንድ ተማሪ ምረጡ፤ ሽንፋ ወይም አካባቢዋ ከሚያስተምር አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ጋር አገናኙት፤ ክፍያ ቁረጡለት፤ ሕፃናት ፊደል በሚለዩበት ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ (ኦፕን ሶርስ) ሶፍትዌር ላይ ለ12 ሳምንት ይሥራ። ጥያቄው ትንሽ እንዲሆን ያደረግሁት አስቤበት ነው። ትንሽ ሆኖ የሚያልቅ ሥራ ተጀምሮ ከሚቀር ትልቅ ነገር ይልቅ ልጆቻችንን ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩን ለየቢሮው በተናጠል ማስገባት እችል ነበር። በግልጽ የጻፍኩት የሽንፋ ወላጆችና መምህራን፣ ኮዲንግ የሚማሩ ወጣቶችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ሥራው ያለ እነሱ አይሆንም።

ለኢትዮጵያ ሕፃናት ኮምፒውተር ለማድረስ ከዚህ ቀደም ትልልቅ ሙከራዎች ተደርገዋል። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ከተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በ5 ሺህ አካባቢ የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች በጀርመን የልማት ትብብር በኩል ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ታደሉ። በ2004 ዓ.ም ደግሞ ያው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ረግጠው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ሰጠ። ልጆቹ አስተማሪ ሳይኖራቸው ታብሌቱን ከፍተው መጠቀማቸው በዓለም ዙሪያ ተወራ። ልጆቹ እንዲማሩበት የታሰበው ንባብ ግን የእንግሊዝኛ ነበር። ዕቃው መጣ፤ ፊደላችን አብሮ አልመጣም።

አሁን ያለንበት ጊዜ የተሻለ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በ3 ዓመት 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን ተነሥቷል። ከቆላው የወጡ ልጆችም ስልካቸው ላይ ተደፍተው ትምህርቱን ይከታተላሉ። ሥልጠናውን ጨርሶ ሰርተፍኬቱን የያዘ ወጣት ግን ቀጥሎ ምን ይሥራ? ኮድ የሚለመደው ሌላ ሰው የጻፈውን ትልቅ ኮድ በማንበብ፣ በዚያ ላይ በመጨመር፣ የጨመሩትንም በባለሙያ በማስገምገም ነው። እኔ በሙያዬ የማየው የወጣቶቻችን ክፍተት እዚህ ላይ ነው፤ የተማሩትን ሰው በሚጠቀምበት ነገር ላይ የሚሞክሩበት ዕድል አላገኙም።

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘረጋ የታወቀ አሠራር አለ። ጉግል በ2005 እ.ኤ.አ. «ሰመር ኦፍ ኮድ» የሚባል የክረምት ፕሮግራም ጀመረ። እስካሁን ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች አልፈውበታል። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ተማሪ ያልሆነ ጀማሪም ይገባል። ሥራው በሰዓት ይመጠናል፤ ትንሹ 90፣ መካከለኛው 175፣ ትልቁ 350 ሰዓት ነው። አመልካቹ ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሶፍትዌሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ አማካሪ ይመደብለታል፤ መሐል ላይና መጨረሻ ላይ ይገመገማል፤ ይከፈለዋል።

ፕሮግራሙ ይህን ያህል የዘለቀው በጉግል ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ተማሪው አዲስ ሶፍትዌር ከባዶ አይጀምርም፤ ባለቤትና ተጠቃሚ ያለው ሥራ ላይ ይገባል። ሲጨርስ ኮዱ እዚያው ይቀላቀላል፤ ተማሪው ወደ ሌላ ጉዳይ ቢሄድም ሶፍትዌሩን የሚጠብቁት ሰዎች ይጠብቁታል። የጎንደር ተማሪዎች ለዚህ ፕሮግራም በቀጥታ ማመልከት ይችላሉ፤ እንዲያመለክቱም እመክራለሁ። ውድድሩ የዓለም ሕዝብ የሚሳተፍበት ስለሆነ ግን የሽንፋን ልጅ ጉዳይ በዚያ ዕጣ ላይ አንጣለው። አሠራሩን ወስደን በራሳችን አቅም እንሥራበት።

ለመነሻ የማቀርበው ሶፍትዌር ጂኮምፕሪ ይባላል። ብሩኖ ኩድዋን የተባለ ፈረንሳዊ በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ ዛሬ ኬዲኢ በሚባለው የኦፕን ሶርስ ማኅበረሰብ ሥር ይለማል። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጁ ከ180 በላይ ጨዋታዎችና መልመጃዎች አሉት። ዊንዶውስ ላይ፣ ሊኑክስ ላይ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል። አንዴ ድምፁን ጨምሮ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ማስታወቂያ አያወጣም፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ኬዲኢ በሰመር ኦፍ ኮድ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተሳተፈ ማኅበረሰብ በመሆኑ ጀማሪ ተማሪን ተቀብሎ ማሠራት ያውቅበታል።

ጂኮምፕሪ ውስጥ ልጁ የፊደል ድምፅ ሰምቶ ከተደረደሩት መካከል ትክክለኛውን የሚነካበት መልመጃ አለ። በእንግሊዝኛው የሚቀርበው 26 ፊደል ነው፣ ትልቅና ትንሽ። የእኛን ፊደል እዚያ ላይ እንዲሁ መደርደር አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነች። ስልክ ላይ ፊደል የሚያስለይ አንድ ጨዋታ ስትጫወት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስልኩ «ሰ» አለ። ከፊቷ አራት ፊደላት ተደርድረዋል። ንጉሡን «ሠ» ነካች፤ ቀይ ምልክት ወጣ። ድምፁን ደግማ ሰማች፣ ያንኑ ነካች፣ አሁንም ቀይ። ከዚያ ጣቷን ሰብስባ ቀና ብላ አየችኝ። እሳቱ «ሰ» ከጎኑ ተቀምጧል። ልጅቷ አልተሳሳተችም። የሰማችው ድምፅ የሁለቱም ነው፤ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሁለቱን የሚለይ ሰው የለም። የተሳሳተው ሶፍትዌሩ ነው፤ እሷ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም። በእንዲህ ያለ ነገር ደጋግሞ ቀይ ያየ ልጅ ፊደል አልችልም ብሎ ይደመድማል።

ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ»፣ ጸሎቱ «ጸ» እና ፀሐዩ «ፀ»፣ አልፋው «አ» እና ዐይኑ «ዐ» ሁሉም ይህ ችግር አለባቸው። «ሀ» እና «ሃ» እንኳ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አንድ ድምፅ ሲያሰማ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ መቀበል አለበት፤ ወይም ተመሳሳዮቹን አብሮ መደርደር የለበትም፤ ወይም ፀሐይን በሥዕል አሳይቶ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል መጠየቅ አለበት። ከሦስቱ የቱ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ይሻላል የሚለውን የሚወስነው ፕሮግራመሩ አይደለም። በየቀኑ ጠመኔ የምትይዘው መምህርት ናት። ተማሪውን ከመምህር ጋር አገናኙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የብዛት ነው። 33 የፊደል ቤተሰብ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ (እንደ ቋ ያሉት) ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ደረጃ ማቅረብ ልጁን ማባረር ነው። ከሀ ሁ ይጀመር ወይስ መማሪያ መጽሐፉ በሚሄድበት ቅደም ተከተል? መጀመሪያ ግዕዙ ብቻ ይምጣ ወይስ አንድ ቤተሰብ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ? ይህም የመምህር ውሳኔ ነው። ውሳኔው ከተገኘ ኮዱ አያስቸግርም። እነ ዶክተር አበራ ሞላ፣ እነ ፍስሐ አጥላው፣ እነ ዳንኤል ያዕቆብ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ በየፊናቸው ብዙ ደክመዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደሉ ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ አብዛኛው የፊደል ቤተሰብ 8 ተከታታይ ቦታ ተሰጥቶታል። ከሀ ቁጥር ላይ 8 ቢጨመር ለ ይመጣል፤ ሌላ 8 ቢጨመር ሐ። የትኛው ፊደል ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ካዕብ ይሁን ሣልስ፣ ለይቶ ማወቅ ለተማሪው የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የኪቦርድ ነው። እኛ «ቤ» ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ እንመታለን፤ የመጀመሪያውን ስንመታ «ብ» ይወጣና ሁለተኛው ሲጨመር ወደ «ቤ» ይለወጣል። አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው ብሎ የተሠራ የጽሕፈት ጨዋታ «ብ»ን ገና እንዳየ ልጁን ስህተት ይለዋል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩን ስናስብ ልጆቻችን ኪቦርድን በጊዜ መልመዳቸው የግድ ነው። ቢሆንም የጽሕፈቱ ሥራ ፊደል ከማስለየቱ ይከብዳልና በዚህ ክረምት ይሠራ አልልም። ጥሩ ዕቅድ በዚህ ጊዜ የማይሠራውንም በግልጽ ይጽፋል። የዘንድሮው ድምፅ ሰምቶ ፊደል መለየት ብቻ ይሁን፤ ጽሕፈቱ ለሚቀጥለው ተማሪ ይቆይ።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለሌላ አገር የወጣ የክረምት ዕቅድ በእኛ ቆላ አይሠራም።

በሐምሌና በነሐሴ ተማሪው ኮድ ሲጽፍ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ የሚሞክሩለት ልጆች አያገኝም። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይከፈታል ቢባልም የሰሊጥ አጨዳው ያኔ ነው። ትልልቆቹ ልጆች ማሳ ላይ ናቸው፤ ትንንሾቹ ቤት ይጠብቃሉ። ዝናቡ እንዳበቃ ወባው ይነሣል። በእኛ አካባቢ ክፍል የሚሞላው ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሂላው (የነዶው ክምር) ቆሞ፣ ተራግፎ ካበቃ በኋላ ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በግንቦት መደረግ አለበት። በዚያን ጊዜ ኮድ ባይኖርም ፊደላቱን በካርቶን ቆርጦ፣ መምህርቷ ድምፁን እያሰማች ልጆቹ የቱን እንደሚያነሡ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው ሙከራ በቀጣዩ ኅዳር ይሁን። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የኮድ ጊዜ ነው።

የድምፅ ቀረጻውም እንደዚሁ። ጂኮምፕሪ የየቋንቋውን ድምፅ በየራሱ ማኅደር ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ የፊደል ድምፅ በዩኒኮድ ቁጥሩ የተሰየመ አንድ ፋይል ነው። ስለዚህ ድምፁን ጥሩ አንደበት ያላት የአካባቢው መምህርት በስልክ ብትቀዳው ይበቃል። ግን መቼ? ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ 231 ፊደል ልቅዳ የሚል ሰው የሚቀዳው ዝናቡን ነው። ቀረጻው ሰማዩ ሳይከፈት፣ እስከ ግንቦት ማብቂያ ያልቅ። ድምፁ በየቋንቋው ማኅደር መቀመጡ ሌላ ጥቅምም አለው። በመተማና በቋራ ቆላ የጉሙዝ ወገኖቻችን ልጆች አሉ። ቋንቋ በማኅደር የሚጨመር ከሆነ ነገ የእነሱን ድምፅ ለመጨመር በር ይከፈታል።

ሥራው 175 ሰዓት ይሁን። በ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ ነው፤ እሑድን አሳርፎ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተማሪው ሰባት የፊደል ቤተሰብ ብቻ ይዞ መልመጃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስኬድ፤ መልኩ ባያምርም ግድ የለም። እስከ አምስተኛው ሳምንት ሁሉንም ቤተሰቦች በየደረጃቸው ያስገባ። ስድስተኛው ላይ ይገመገም። ሰባተኛና ስምንተኛው ለተመሳሳይ ድምፆች ይዋል። ዘጠነኛና ዐሥረኛው ኮዱን ለጂኮምፕሪ ሰዎች አቅርቦ እርማታቸውን የሚቀበልበት ይሁን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ባዶ ይተው፤ ወባ ሊይዘው ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ቤተሰብ ሊጠራው ይችላል። ምንም ካልገጠመው የመምህሩን መምሪያ በአማርኛ ይጻፍበት። ሥራው ወደ ኋላ ከቀረ ምን እንደሚቀነስም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ዲቃሎቹ ቢቀሩ ችግር የለውም፤ የተመሳሳይ ድምፆቹ እርማት ግን መቅረት የለበትም።

አሁን ስለ ክፍያው። ደጋግሞ ሲነገር የምሰማው ነገር ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ይሥሩ የሚል ነው። የሽንፋ ልጅ ክረምት የዕረፍት ጊዜ አይደለም። ዝናቡ ሲይዝ ሰሊጥ ይዘራል፤ ወዲያው አረም ይመጣል፤ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛት መንገዱን ይሞላዋል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅም ሲመለስ አረሙ ላይ ይሰለፋል፤ የቀጣዩን ዓመት ደብተር፣ ጫማና ትራንስፖርት የሚያገኘው ከዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በነፃ ኮድ ጻፍ ማለት ሥራውን አባቱ ለሚችልለት ልጅ መስጠት ነው። ሽንፋን የሚያውቃት ደግሞ አረም ላይ የሚሰለፈው ነው። ክፍያው ቢያንስ አረም ላይ ከሚያገኘው ማነስ የለበትም። የተመረጠችው ሴት ተማሪ ከሆነች ክፍያው የበለጠ ያስፈልጋታል፤ ክረምት የቤቱ ሥራ ሁሉ እሷን ይጠብቃል፤ ወላጆቿ የሚፈቅዱላት ሥራዋ ሥራ ሆኖ ሲታያቸው ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ማደሪያ ቢዘጋጅላት ደግሞ ነገሩ ይቀላል።

ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት ይሆናል የሚል ይኖራል። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በክልላችን ከተነሣው ግጭት በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ዕቅዱ ይህን እንደ ድንገተኛ ነገር ሳይሆን እንደሚመጣ ነገር መቁጠር አለበት። ደስ የሚለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ለዚህ የተመቸ መሆኑ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ጊት የሥራውን ታሪክ በሙሉ እያንዳንዱ ሰው ላፕቶፕ ላይ ያስቀምጣል፤ ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ ያለ ኔትወርክ ሠርቶ ቅዳሜ ኔትወርክ ሲያገኝ ሁሉንም በአንዴ ይልካል። ከእሱ የሚጠበቀው የሚያስፈልገውን ማጣቀሻ ከጎንደር ሳይወጣ አውርዶ መያዝ ነው።

ለልጆቹም እንደዚሁ። ሶፍትዌሩ በፍላሽ ይሄዳል። ከአንድ በላይ ታብሌት ወይም ስልክ ባለበት ትምህርት ቤት ኮሊብሪ የሚባለውን ሌላ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር መጠቀም ይቻላል። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት ያዘጋጀው ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ሰርቨር ሆኖ መጻሕፍቱንና ቪዲዮዎቹን ይይዛል፤ ሌሎቹ በክፍሉ ዋይፋይ ከእሱ ያነባሉ፤ ውጪ ካለው ኢንተርኔት ጋር መገናኘት አያስፈልጋቸውም።

ኮሊብሪን ሳነሣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሌላ ነገር ይታየኛል። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር የተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ስለ ሽንፋ ጥናት አውጥቷል። ሽንፋ–መተማ 1 የተባለው ቁፋሮ ከዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በወንዛችን ዳር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የቶባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በጋው በረዘመበት ዘመን ከሚደርቁት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ እንደኖሩ አሳይቷል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና ትንንሽ ሹል የድንጋይ ጫፎችም ተገኝተዋል። ይህን ታሪክ የዓለም ሊቃውንት በእንግሊዝኛ አንብበውታል። እዚያው ወንዝ ዳር ከብት የሚያጠጣው ልጅ ደግሞ በሚገባው አማርኛ፣ ከሥዕል ጋር፣ በክፍሉ ሊያነበው ይገባል። ለዚያ ግን መጀመሪያ ፊደል ይለይ።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን በአጠቃላይ የምናየውን አንድ ልማድም ላንሣ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲባል በየዓመቱ የክሊኒክ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የቤተ መጻሕፍት ማኔጅመንት ሲስተም፣ የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም ከባዶ ይሠራል። ዲፌንስ ይደረግበታል፤ ከዚያ ሲዲው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ አማካሪዎቹም ይደክማሉ። ጎድሎ የሚታየኝ ሥራውን ከምርቃት በኋላ የሚረከብ ባለቤት ነው። ለዚህ ክረምት ሥራ አንድ መለኪያ ብቻ ይቀመጥ፦ ኮዱ በጂኮምፕሪ ዋና ቅጂ ውስጥ ተቀላቅሏል ወይ? ከተቀላቀለ የሽንፋ ልጅ ብቻ ሳይሆን የደሴም፣ የጅማም፣ ዋሽንግተን የሚያድገው የኢትዮጵያዊ ልጅም ሲያወርደው ያገኘዋል። ዲፌንሱም በዚያ ይለካ።

በዚህ የጸጥታ ችግር ጊዜ ይህ ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር አልቀየመውም። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆኗል። ሶፍትዌር መምህርን አይተካም፤ ክፍልም አይሆንም። የተቋረጠበትን ልጅ ግን ጨርሶ እንዳይረሳው ያግዛል፤ በአጎቱ ስልክ ላይ ተጭኖ መንገድ የማይደርስበት ድረስ ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈትም ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከኢንፎርማቲክስ ኮሌጁ፦

1. እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አንድ አማካሪ ይመደብ። አማካሪው ራሱ ከተማሪው ጋር የጂኮምፕሪን ኮድ አውርዶ ያስነሣ፤ በአማርኛ ምን ተሠርቶ ምን እንደቀረ ከማኅበረሰቡ ጋር ያጣራ።
2. ተማሪው በጥርና በየካቲት ትንንሽ እርማቶችን ልኮ ያስቀበለ ይሁን። ሁለት እርማት ያስቀበለ ተማሪ ከብዙ ሰርተፍኬት የበለጠ ማስረጃ አለው።
3. የክረምቱ ሥራ እንደ ኢንተርንሺፕ ይያዝለት፤ አንድ የኮምፒውተር ክፍልም በሐምሌና በነሐሴ ክፍት ይሁን።

ከዞኑ ትምህርት መምሪያ፦

1. ፊደል የሚያስተምር አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት ይመደቡ፤ ለሥራው የሚያውሉት ሰዓት ከክፍለ ጊዜያቸው ይቀነስላቸው።
2. በግንቦትና በቀጣዩ ኅዳር ለሚደረጉት ሙከራዎች ፈቃድ ይሰጥ፤ ወላጆች ይጠየቁ። የልጆች ስምም ፎቶም አይመዝገብ፤ የሚመዘገበው የትኛው ፊደል እንዳስቸገረ ብቻ ነው።
3. ሶፍትዌሩ ሲጠናቀቅ ኮምፒውተር ባላቸው የዞኑ ትምህርት ቤቶች ይጫን፤ ተቆልፎ የተቀመጠ ኮምፒውተር ካለ ይከፈት።

ከሁለታችሁም በጋራ የተማሪውን ክፍያ፣ የኢንተርኔት ወጪውንና ከጎንደር ሽንፋ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን የሚሸፍን በጀት ይያዝ። ከአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ወጪ የሚበልጥ አይመስለኝም።

እኔም በበኩሌ ሥራ ፈትቶ የሚመክር መሆን አልፈልግም። የተማሪውን ኮድ በየሳምንቱ ለማንበብና ለማረም፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ልውውጡን ለማገዝ፣ ለሙከራው የሚሆን ላፕቶፕ ለማቅረብ ቃል እገባለሁ። በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ የቆላው ልጆች፣ ሙያው ያላችሁ፣ እጃችሁን አስገቡ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንድንስማማበት እለምናለሁ። በኅዳር 2019 ዓ.ም ሥራው ምን ላይ እንደደረሰ በገንዳ ውኃ በግልጽ ስብሰባ ይነገር። ተሳክቶ ከሆነ ልጆቹ ምን እንዳገኙ መምህርቷ ትንገረን። ካልተሳካም የት ላይ እንደቆመ ተማሪው ይንገረን፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሌላው ከዚያ ይቀጥላል። መልሳችሁን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ለግንቦቱ ሙከራ የሚበቃ ጊዜ አይኖረንም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የሽንፋ ተወላጅ የሶፍትዌር ባለሙያ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፣ ባሕር ዳር
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለሽንፋ ከተማና አካባቢዋ ወላጆችና መምህራን